አባባ፣ ያ ንፍፊት ሳይመረመር «ወረደ» አይበሉ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ልጄ «አባባ ጋ ደውሉልኝ» እያለች መከራችንን ታሳየናለች።

እታለም ሁሉንም ነገረችኝ። አንገትዎ ላይ ንፍፊት ወጥቶ «የጭንቅላቴ ዕጢ ወርዶ ነው፣ እንግዲህ በቃኝ» ብለው ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል አሉ። በስልክ ብናወራ ሳልጨርስ ያቋርጡኛል። ስለዚህ ጻፍኩ።

የፈሩት ነገር ከመሬት የተነሳ አይደለም። የአንጎል ዕጢ ከራስ ቅል ወጥቶ ወደ አንገት ንፍፊት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ግን ብርቅ ነው። ከሁሉ የከፋው ግሊዮብላስቶማ እንኳ ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር አልፎ የሚወጣው ከመቶ ታማሚ ሁለት በማይሞሉት ላይ ነው። እሱ የሚገድለው እዚያው አንጎል ውስጥ እየተንሰራፋ ነው። ከእርስዎ ጭንቅላት በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢ ደግሞ ሜኒንጂዮማ ነው። የሚነሳው ከአንጎል ሽፋን ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል። የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ወረቀትዎ ደረጃ 1፣ ማለትም ዝቅተኛው ደረጃ ይላል። ሜኒንጂዮማ ርቆ የሚሄደው ከመቶ አንድ በማይሞላ ሰው ላይ ነው። ያም በአብዛኛው ደረጃው ከፍ ሲል ነው፤ ሲሄድም የሚያዘወትረው ሳንባን ነው።

መቼም መምህር ነዎትና ምክንያቱን ሳይጠይቁ አይለቁኝም። ክፍል ውስጥ «አንጎል የሊምፍ ቧንቧ (ከሰውነት ክፍሎች ፈሳሽ ወደ ንፍፊቶች የሚወስደው ቧንቧ) የለውም» ብለው ያስተማሩን ትዝ ይለኛል። ያኔ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነበር። ጣልያናዊው ፓኦሎ ማስካኚ እ.ኤ.አ. በ1787 በአንጎል ሽፋን ላይ አይቻለሁ ቢልም የሰማው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የቨርጂኒያና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ቧንቧዎቹን አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሰውም ላይ በኤምአርአይ ታዩ። ፈሳሹ የሚወርደው አንገት ውስጥ በጥልቀት ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። እንግዲህ መንገዱ አለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ስላለ ዕጢው ሁሉ ይሄዳል ማለት አይደለም። የአንጎል ዕጢ ሴሎች ከአንጎል ውጭ መኖር ይከብዳቸዋል፤ የሰውነት መከላከያም እዚያ አይምራቸውም።

ሰፈር ውስጥ የሚወራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሹ ነው። ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከኩላሊት ተነስቶ ወደ አንጎል የሚወጣው ካንሰር፣ እዚያው አንጎል ውስጥ ከሚጀምረው ይበዛል። ሰው ሁለቱን ያደበላልቃል። «እከሌም በጭንቅላት ዕጢ ሞተ» ሲሉዎት የትኛው እንደነበር ማን ያውቃል?

ታዲያ ንፍፊቱ ምንድን ነው? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አላውቀውም፤ ጎረቤትም አያውቀውም። ግን አገራችን ውስጥ የአንገት ንፍፊት ሲያብጥ ሐኪም መጀመሪያ ከሚጠረጥራቸው አንዱ የንፍፊት ቲቢ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሰጡዎት ዴክሳሜታዞን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ቲቢ ደግሞ ይድናል። ለሚጥል በሽታ የሚወስዱት ፊኒቶይንም አንዳንድ ሰው ላይ ንፍፊት ያሳብጣል። (ይህን ሲያነቡ መድኃኒቱን እንዳይተዉት አደራ! በድንገት ከተቋረጠ ሊጥልዎት ይችላል። የሚቀይረው ሐኪሙ ብቻ ነው።) የጥርስ ወይም የጉሮሮ ቁስልም ሊሆን ይችላል። ሌላ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽዎትም። መመርመር ያለበትም ለዚህ ነው።

ምርመራው እንደ ጭንቅላቱ ቀዶ ሕክምና አይደለም። በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስዳሉ፣ ሂደው ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ውጤቱ ካላጠገባቸው ትንሽ ቆርጠው ያያሉ።

እታለም ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። የድሮውን የፓቶሎጂ ወረቀት፣ የኤምአርአይ ሲዲውንና የመድኃኒቶቹን ካርቶን በሙሉ ይያዙ። ንፍፊቱ መቼ እንደወጣ፣ ያምም እንደሆነ፣ ሌሊት ላብ ያጠምቅዎት እንደሆነና ከስተው እንደሆነ ይጠይቁዎታል። «ደህና ነኝ» ብለው አይለፏቸው፤ እንዳለ ይንገሯቸው። የምርመራውንና የመጓጓዣውን ለእታለም ልኬላታለሁ፤ በገንዘብ በኩል ሰበብ የለዎትም።

ልጅዎ