መርፌውን እንዳታሳልፊ

መራዊ፣ ጥቅምት 12

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

ትናንት ማታ አክስትሽ ከሐዋሳ ደወለች። ስለ ሥራሽ አወራች፣ ስለ ቤት ኪራይሽ አወራች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «የልቧን የፔኒሲሊን መርፌ ካቆመች ሁለት ወሯ ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ብዙ ቆየሁ። ደውዬ ብነግርሽ እቆጣለሁ፤ አንቺም «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

መርፌውን እንዳታሳልፊ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

«ደህና ነኝ እኮ፣ ደረጃ ስወጣ አይደክመኝም፣ ለምን እወጋለሁ?» ብለሻታል አሉ። የምትወጊው ደህና ሆነሽ እንድትቆዪ ነው፣ ልጄ።

የዚያን ዓመት የፋሲካ በግ ትዝ ይልሻል? ሰባት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ለጥብስ ያሰበችውን ልብ ወስጄ ትሪ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንቺ ባትሪ ያዝሽልኝ። የሰው ልብ የራሱን ጡጫ ያህላል አልኩሽ። አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣውን ተቀብሎ ለመላ ሰውነት ያዳርሳል። ግድግዳውን በጣትሽ አስነካሁሽ። የግራው ታችኛ ክፍል ከቀኙ በጣም ይወፍራል፤ ቀኙ የሚገፋው አጠገቡ ላለው ሳንባ ነው፣ ግራው ግን እስከ አናት፣ እስከ እግር ጣት ድረስ ነው። ከዚያ በትልቁ ደም ቅዳ በኩል ከላይ ውሃ አፈሰስኩ። ሦስቱ ትንንሽ ኪሶች ሞልተው ገጠሙና ውሃው ቆመ። አጨበጨብሽ። ከግራው በር ሥር ነጫጭ ክሮች ተወጥረው ስታዪ ደግሞ «አባዬ፣ በገና አለው!» አልሽ።

የታመመብሽ ያ በገና ያልሽው ነው።

ሚትራል ይሉታል። በግራ ጎን በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለ ባለ ሁለት ቅጠል በር ነው። ክሮቹ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ ወጥረው ይይዟቸዋል። ሐኪም ጆሮውን ደረትሽ ላይ ሲያደርግ የሚሰማው «ዱብ፣ ዱብ» የበሮች መዘጋት ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ በሩም ያንኑ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። በአጎትሽ ማሳ ላይ ያለውን የቆጋ መስኖ ቦይ አስቢው። መዝጊያው ጠርዙ ሲበላ ውሃው በጎን ያፈስ አልነበር? ያንቺም በር እንደዚያ ትንሽ ያፈሳል። ትንሽ ነው። ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ነው የምለምንሽ።

ሕመሙ፣ ሩማቲክ ፊቨር የሚሉት፣ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ጀርሙ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ሰውነት መከላከያ ያወጣል። ያ መከላከያ ግን ጀርሙን የሚመስል ነገር ልብ ላይ ያገኝና የራሱን በር ይወጋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት። የመገጣጠሚያው ሕመም ይሄዳል። የልቡ ጠባሳ ይቀራል። ይኸው ነገር በተመለሰ ቁጥር በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨመራል። መርፌው የተበላሸውን አይጠግንም፤ እንደገና እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ፔኒሲሊኑን ቀስ እያለ ይለቃል፤ አራት ሳምንት ሲያልፍ ይሳሳል። ሁለት ወር በርሽ ያለ ጠባቂ አደረ ማለት ነው። መርፌውን አታሳልፊ።

ታላቅ እህቴን እታለምን አታውቂያትም። ፎቶዋም የለንም። ከአያትሽ ቀጥላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ውሃ ስትወርድ በጀርባዋ አዝላኝ ነበር የምትወርደው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየደጋገመ ሲያማት እንጥሏን አስቆረጧት። እንጥሉ ምን አጠፋ? ኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ውርጭ ነው ተባለ። ተነሳች፣ ተዳረች፣ ሁለት ወለደች።

በ1979 ከመምህራን ማሠልጠኛ ለእረፍት መጣሁ። ሦስተኛዋን አርግዛ ነበር። ሌሊት አትተኛም። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጋቢ ደርባ፣ እያሳለች ታነጋዋለች። ብርድ ነው ይላሉ፣ ዓይነ ጥላ ነው ይላሉ። አንድ ማታ «አንተ የተማርክ ነህ፤ ይኼ ደረቴ ውስጥ የሚጋልበው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ደብተሬን አወጣሁ። በቀይና በሰማያዊ እርሳስ የሳልኩት ልብ ነበረኝ፤ መምህሬ ሙሉ ማርክ የሰጠበት። ለኩራዙ አስጠጋሁላት። ዊሊያም ሃርቪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1628 በፈረንጆች አቆጣጠር ስላሳተመው መጽሐፍ ነገርኳት። ልብ በግማሽ ሰዓት የሚገፋውን ደም ቢያሰላው፣ ሰውነት ከምግብ ሊሠራው ከሚችለው በላይ ሆነበት፤ እንግዲያው ያው ደም ነው የሚዞረው አለ። «ዓባይ ከግሽ ከተነሳ አይመለስም፤ ደምሽ ግን በአንድ ደቂቃ ገደማ ዞሮ ይመለሳል» አልኳት። ቃሉ ጣፍጦኝ ነበር። እሷ እግሯን እያየች «ታዲያ የኔው የት ቀረ?» አለች።

እግሯ አብጦ ነበር። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ይቀራል። አየሁት። ደሟ ያው ያንቺ ሕመም ባጠበበው የልቧ በር አላልፍ ብሎ ሳንባዋ ላይ ተኝቶ ነበር። እርግዝና ደግሞ የሰውን ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ግን ሰው ተቀምጦ ማደሩ ጤና እንዳልሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር። ባሕር ዳር ድረስ በቃሬዛ ማውረድ ይቻል ነበር። ቃሬዛ ነበረ። ተሸካሚ ነበረ። እኔ ስዕል አሳየኋት። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። መቀበሯን በኅዳር ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ልብን ሰሌዳ ላይ ሳልኩ። ያንቺ ጉልበት ያበጠ ጊዜም፣ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ «ሩጫ አብዝታ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ አልኩ። እናትሽ ናት እንቢ ብላ ባሕር ዳር ወስዳ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ያስነሳችሽ። ይህን ፊት ለፊት ነግሬሽ አላውቅም።

አሁን ስሚኝ። ሐሙስ ከሥራ አስፈቅደሽ ሂጂ። በባዶ ሆድ አትሂጂ፤ በልተሽ፣ ውሃ ጠጥተሽ። ተኝተሽ ተወጊ፣ ወዲያው ብድግ አትበዪ። ሁለት ወር እንዳለፈሽ አትደብቂያቸው። ጓደኛሽ መርፌው ሰው ይገድላል ብላ አስፈራርታሻለች አሉ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ስትወስጂ ምንም እንዳልሆንሽ ለሚወጋሽ ንገሪው። ፍርሃት ካለሽ ለሐኪሙ ተናገሪ እንጂ ከክትትል አትጥፊ። እስከ መቼ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው፤ አንቺም አይደለሽም፣ ጓደኛሽም አይደለችም።

ጉሮሮሽን ካመመሽ መርፌ አለኝ ብለሽ አትቀመጪ፣ ታዪ። ጥርስሽን በደንብ ቦርሺ፤ ጥርስ ከማስነቀልሽ በፊት የልብ በር ችግር አለብኝ በዪ። ከአፍ የገባ ጀርም በደም ሄዶ የተጎዳ በር ላይ ይቀመጣል። ትዳርና ልጅ ስታስቢ ደግሞ ከእኛም በፊት ለልብ ሐኪምሽ ንገሪ። ይህን ለምን እንደምል ታውቂያለሽ።

መርፌውን እንዳታሳልፊ፣ የኔ እናት። ያማል፤ አውቃለሁ። በልጅነትሽ እጄን ነክሰሽ ነበር የምትወጊው፤ የግራ አውራ ጣቴ ላይ ምልክቱ አሁንም አለ።

በርበሬውን፣ ሽሮውንና ይህን ደብዳቤ ለአክስትሽ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ረቡዕ ይደርሳል። ሽሮው እንዳይነቅዝ ዕቃውን በደንብ ክደኚው። የመርፌ ካርድሽ ላይ አዲሱ ቀን ሲጻፍ ፎቶ አንስተሽ በእናትሽ ስልክ ላኪልኝ፤ የኔው ስልክ ፎቶ አይቀበልም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣም።

አባትሽ