የሌሊቱ ጥበቃ አልቀሩም፦ ለዞናችን ሲቪል ሰርቪስ መምሪያ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም የሰው ሀብት ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ ከአሻራ ማሽኑ መረጃውን በፍላሽ አውርጄ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ጭኜ፣ የቀሪና የዘገየ ሠራተኛ ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ፋይናንስ ይሄዳል። ከዚያ ደመወዝ ይቆረጣል።

ባለፈው ወር አንድ የሌሊት ጥበቃችን ቢሮዬ መጡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። «ልጄ፣ የቀረሁት የትኛውን ሌሊት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥሬውን መዝገብ ከፍቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አንድም ሌሊት አልቀሩም። ደመወዛቸው ግን ተቆርጧል፣ ዝርዝሩን የላክሁትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ የሚይዘው የሠራተኛውን ቁጥርና አሻራ የነካበትን ጊዜ ነው። ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ የሚለውን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። እሱ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ጥበቃው ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ይገባሉ፣ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣሉ። መግቢያቸው ሰኞ ላይ ብቻውን ይቀራል፣ መውጫቸው ማክሰኞ ላይ ይወድቃል።

ማክሰኞ ማታም ተረኛ ከሆኑ ይብሳል። ሶፍትዌሩ የዕለቱን የመጀመሪያና የመጨረሻ አሻራ ይወስድና ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሠርተዋል ይላል። እሳቸው እኮ ያን ጊዜ ቤታቸው ተኝተዋል! የሠሩበት ሌሊት ጠፍቶ የተኙበት ቀን ተቆጠረ። ተራቸው በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቀን ደግሞ አሻራው አንድ ብቻ ስለሆነ «ቀሪ» ተብሎ ይወጣል። ሌሊት የሚያድሩ ነርሶችና አዋላጆችም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። ለሌሊት ተረኛ ቀኑ ከቀትር እስከ ቀትር ይቆጠር። ማታ የገባው አሻራና በማግስቱ ጠዋት የወጣው አንድ ላይ ይያዙ፣ ሌሊቱም ሥራው ለተጀመረበት ቀን ይመዝገብ። ብዙ ሶፍትዌሮች ፈረቃ ለይቶ መሙያ ቦታ አላቸው። የእኛ ቤት ችግር ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ የቀን ፈረቃ መሙላታችን ነው። ሲገጠም ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዓርብንም ያስቡልን። በመንግሥት ቢሮ የተለመደው ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8 ሰዓት ነው። ዓርብ ግን የምሳ ዕረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ 7 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 39 ሰዓት ይመጣል። ሶፍትዌሩ ላይ ለአምስቱም ቀን 8 ሰዓት ከተሞላ፣ ሰዓቱን አክብሮ የሠራ ሰው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ዕዳ ይወጣበታል።

የወሩ ነገርም አለ። ደመወዛችን በኢትዮጵያ ወር ነው፣ ሪፖርቱ የሚወጣው በፈረንጅ ወር ነው። የ2018 መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ነበር። ቀኑን በእጅ ያልለወጠ ሰው የሁለት ወር መረጃ ያደባልቃል።

ጣትም ይደክማል። የጽዳት ሠራተኞቻችን ቀኑን ሙሉ በረኪና ይነካሉ፣ አሻራቸው ቶሎ አይነበብም። ሁለቴ ሦስቴ ይነካሉ። ሁለቴ ከተመዘገበላቸው ሁለተኛው እንደ መውጫ ይያዝና ገና በር ላይ ሳሉ ሥራ ጨርሰው የሄዱ ይመስላል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተደጋገመን አሻራ እንደ አንድ መቁጠር ነበር የሚሻለው።

ማሽኑ ይነሳ እያልሁ አይደለም። የፊርማ መዝገቡን ዘመን አውቀዋለሁ። ለጓደኛው የሚፈርም ነበር፣ ረፋድ ላይ መጥቶ 2:30 ብሎ የሚጽፍ ነበር። ማሽኑ ያንን አስቀርቷል፣ ጥሩ ነው። ግን ማሽን የመዘገበው ሁሉ በትክክል ተሰልቷል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህ ነው። በዞኑ ላሉ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰርኩላር ይጻፉልን። የሌሊት ተረኞች ፈረቃ ተለይቶ እስኪሞላ ድረስ ከሶፍትዌር በወጣ ዝርዝር ብቻ ደመወዝ አይቆረጥ። ፔሮል ከመዘጋቱ በፊት ሠራተኛው የራሱን ጥሬ መዝገብ አይቶ ይፈርም፣ ቅሬታ ካለው ያቅርብ። መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽኑ ተበላሽቶ እርማት ካስፈለገ፣ ማን በምን ምክንያት እንዳረመ ይጻፍ። ጥሬው መዝገብ ግን አይነካ፣ አይሰረዝ። ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞሩትን የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አይርሷቸው። ክረምት በጭቃ ወረዳ ድረስ መጥታችሁ አሻራ ንኩ ማለት ሥራውን ማስቆም ነው፣ ለእነሱ የመስክ ቅጽ ይበቃል።

የጥበቃችንን ተመላሽ ክፍያ ጠይቄላቸዋለሁ፣ እስካሁን አልተከፈለም። የአንድ ወሩን ጥሬ መዝገብና ሶፍትዌሩ ያወጣውን ዝርዝር ጎን ለጎን አትሜያለሁ። ቀጠሮ ከሰጡኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰው ሀብት ሠራተኛ፣ ከጎጃም