ለጥምቀት ና፣ ፍራሽ አለን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከዓመት በላይ ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው «እንደምን ከርመሃል» ሲል እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ፣ ይገባኛል።

አምና ኅዳር ላይ «ለጥምቀት ጎንደር መምጣቴ ነው፣ አንተ ጋ ነው የማርፈው» ብለህ መልእክት ላክህልኝ። አየሁት። ስልኩን ደፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱም አየሁት። ጥምቀት አለፈ፣ እኔም አፍሬ ቀረሁ። ተቀይሜህ አልነበረም። የት ላሳርፍህ? በዚያው ሰሞን ከሁለት ክፍል ወደ አንድ ክፍል ልንገባ ዕቃ እየሰበሰብን ነበር።

ነገሩ የመጣው በቡና ነው። የያኔዋ አከራያችንን አታውቃቸውም፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተሳድቤም ቢሆን ይወጣልኝ ነበር። ልጄን ሆዱን ሲያመው ጤናዳም ይዘው ከተፍ የሚሉት እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ ቡና ጠሩን። አቦሉ ላይ ጤና ተጠያየቅን። ቶናው ላይ ስለ ጤፍና ዘይት አወራን። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እትዬም እንደ ነጋዴው «ዶላሩ እኮ» ማለት ለምደዋል፤ ዶላር በእጃቸው ነክተው የሚያውቁ ግን አይመስለኝም። በረካው ላይ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ለእናንተም ደሞዝ ተጨምሯል አሉ» ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ከ3,500 ወደ 5,500 ብር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ። የባለቤቴ በረካ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።

የደሞዝ ነገር እንዲህ ነው ወንድሜ። እኛ ኪስ ሳይገባ አከራይ ጆሮ ይገባል። ዘንድሮም መስከረም ላይ ሲጨመርልን ጭማሪውን በቅጡ ቆጥሬ ሳልጨርስ አዲሱ አከራዬ በሩን አንኳኳ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «መብትህን አታውቅም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፤ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ አከራይ ደስ ባለው ሰዓት መጨመር አይችልም ይላል። እኔም ለአንድ ሌሊት ጀግና ሆንኩ። ለእትዬ እንዴት እንደምነግራቸው አልጋዬ ላይ ሆኜ ተለማመድኩ። ጠዋት ግን ሳገኛቸው ልጄን አቅፈው ዳቦ እያጎረሱት ነው። ምን ልበል? «እትዬ፣ በአዋጁ መሠረት» ልበል? በዚያ ላይ የጽሑፍ ውል የለንም። ደላላው ደግሞ ከእኔ በኋላ የሚገባውን ሰው አዘጋጅቶ በር ላይ ቆሟል። ዝም ብዬ ዕቃዬን ጫንኩ።

አሁን የምነግርህን ሳትቆጣ አንብበው። ለሠርጋችን የሰጠኸን ቁም ሳጥን የለም። አራት ጊዜ ቤት ስንቀይር አራት ጊዜ ተፈታ። በሦስተኛው አንድ በሩ አልገጥም አለ። በአራተኛው አዲሱ ክፍል ውስጥ አልጋው ከገባ እሱ አይገባም፣ እሱ ከገባ እኛ አንገባም። ሸጥነው። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔ ከገዢው ጋር ስለ መጫኛው ስጨቃጨቅ ለማልቀስም ጊዜ አላገኘሁም። ልብሳችን አሁን ማዳበሪያ ውስጥ ነው። መልስ የከለከለኝ ከቦታው ጥበት ይልቅ ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም። ገብተህ «ቁም ሳጥኑስ?» ብትለኝ ብዬ።

ያለነው አዘዞ ነው። ጠዋት ፒያሳ ለመድረስ በታክሲ ወረፋ ወገቤ ይቆረጣል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ክልክል ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ። እንጀራ ከጎረቤት በፍሬ እንገዛለን። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ግን ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ሲመጣ ሌሊት ነው፤ የጀሪካን ኳኳታ ከቀሰቀሰህ መጣ ማለት ነው። ተማሪ ሳለን ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ «ለከተማው ውሃ ያመጣል» እየተባለ ይወራልን የነበረው የመገጭ ግድብ ትዝ ይልሃል? አሁንም ይወራል። ከተማው ግን አምሮበታል፤ ይኼን መደበቅ አልችልም። መንገዱ ሰፍቷል፣ ፋሲል ግቢም ታድሶ ማታ ማታ በመብራት ደምቆ ይታያል። ልጄን ይዤው ሄጄ «እዚህ ቤት አከራዩ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አራት ዓመቱ ነው። ሲሮጥ ራሱ በጣቶቹ ጫፍ ነው፤ አከራይ እንዳይቆጣ።

ለማንኛውም ዘንድሮ ና። ሁለት ፍራሽ አለን፤ አንዱን እንዘረጋልሃለን፣ ልጁ ከእኛ ጋር ይተኛል። የግቢው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይቆለፋል፣ እንግዳ ከሁለት ሌሊት በላይ አይፈቀድም፤ አጎቴ ነህ እላለሁ፣ ሸበት ብለሃል አሉ። የከተራ ሌሊትስ ቢሆን ማን ቤት ይተኛል? እንደ ድሮው ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዳር፣ ታቦቶቹ ካደሩበት፣ ጋቢ ለብሰን እናነጋለን። እዚያ እስካሁን ኪራይ አልተጀመረም።

ስትነሣ ደውልልኝ። ዘንድሮ አነሣለሁ።

ወንድምህ፣ ከጎንደር