የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ የቱ አምፕሊፋየር ይሻላል?

የዘንድሮው ሥራችን በክርክር ነው የጀመረው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች የድሮው አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) "ድምፁ ወፍራም ነው" ይላሉ። የእኛዎቹ ከአዲሱ ጎን ቆሙ፤ ካርቶኑ ላይ መዛባቱ (የገባለትን ድምፅ የሚያበላሽበት መጠን) 0.05 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏላ! ፒያሳ የሸጠልን ነጋዴም የማለው በዚችው ቁጥር ነው።

ይፈተሽ ተባለ። መጀመሪያ የሁለቱን ድምፅ እኩል ማድረግ ነበረብን። ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌም "ጥራት ያለው" ይመስላል፤ ልዩነቱ አንድ ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ሳይሞላ እንኳ ጆሮን ይሸውዳል። ስለዚህ የ1,000 ኸርዝ (በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ ለቀን፣ ስፒከሩ ጋ ቮልቴጁን በቴስተር እየለካን አስተካከልን። ከዚያ መጋረጃ ጋረድን። ከኋላ ያለው ልጅ ሳንቲም እየወረወረ ይቀያይራል፤ አድማጩ የቱ እንደሆነ ይናገራል። ከ16 ዙር 12ቱን ያልለየ በግምት እንደመለሰ ይቆጠራል፤ 12ና ከዚያ በላይ በዕድል የመምታቱ ነገር 4 በመቶ ገደማ ነውና።

12 የደረሰ አልተገኘም። "ወፍራም" ባዮቹም ጭምር።

በኮምፒውተር ሆን ብለን ዘፈን ላይ 1 በመቶ መዛባት ጨመርን፤ አሁንም ግምት በግምት ሆኑ። ያንኑ አንድ ንጹህ ቃና ላይ ስንጨምረው ግን ብዙዎቹ ነቁ። ከበሮው፣ ክራሩና ጭብጨባው ባለበት ትንሿ መዛባት ትሸፈናለች። ለፍቼ ጨምበላላ ዝግጅት ድምፁ እስከ ጥግ ሲከፈት ደግሞ ፈተናም አላስፈለገ። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ስፒከሩም ይንጫጫል። የጥበቃው አባባ ከበር ድረስ መጥተው "ምን ነካችሁ?" አሉን።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚያሰለቸን "እምምም" ጥፋቱ የአምፕሊፋየሮቹ አልነበረም። ሚክሰሩ (ድምፆችን የሚያቀላቅለው) ከቢሮ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ ከመድረኩ ሶኬት ነበር የሚሰኩት። ሁለቱ ግራውንዶች (ወደ መሬት የሚወርዱት የሶኬት ሽቦዎች) እና የድምፅ ገመዱ ተገናኝተው ዙር ይሠራሉ፤ የመብራቱ 50 ኸርዝ በዚያ ሾልኮ ይገባል። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ስንሰካቸው ጭጭ አለ። አንዱ "ቲቸር፣ የግራውንዱን ሽቦ ብንቆርጠውስ?" ብሎኝ ነበር። ሽቦው ሰው እንዳይሞት የተደረገ ነው፤ በክበባችን የነካው ወዮለት።

ለከርሞ ማይክሮፎኖቹን እንፈትሻለን። የሚኒ ሚዲያ ልጆች አሁንም የድሮው ይሻላል ባዮች ናቸው።