ባሕረ ሰላጤ ተሻጋሪዋና የውርጩ ወፍ

ሰላም ልጄ፣ ዓለሜ፤

አበባ የምትቀስመዋን ትንሿን ወፍ፣ ሀሚንግበርድን፣ የቀረጽሽበት ቪዲዮ ደርሶናል። እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታ ጨርሳለች። «ባሕር ዳርስ አለች?» ላልሽው፣ የለችም። ሀሚንግበርድ የሚገኘው በሁለቱ አሜሪካዎች ብቻ ነው። እዚህ ራስ ክምሩ አበባ ላይ የሚመጣው ደረተ ቀዩ ወፍ ሌላ ዘር ነው። ሁለቱም አበባ ስለሚቀስሙ ተመሳሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የኛው አገዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቆልመም ያለ ምንቃሩን ሰክቶ ይመጣል። ያንቺዋ አየር ላይ ቀጥ ትላለች፤ ሲያሻት ወደ ኋላም ትበራለች።

«ከሷ የሚበልጥ ጀግና የለም» ባልሽው ግን አልስማማም።

እርግጥ ያንቺዋ ታሪክ ይገርማል። 3 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ክንፏን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች። ብርዱን ሽሽት ወደ መካከለኛው አሜሪካ ስትወርድ፣ ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሳያርፉ ያቋርጣሉ። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ውሃ ብቻ! ከእኛ ቤት ተነስታ አዲስ አበባ ብትደርስ እንኳ ገና መንገድ ይቀራታል። ስንቋ ስብ ነው፤ ከመነሳቷ በፊት ክብደቷ እጥፍ ሊሆን ይደርሳል።

የኔ ምርጫ ግን ሂልስታር የምትባለው፣ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ሀሚንግበርድ ናት። ከ3,500 ሜትር በላይ፣ እንደ ጉና አናት ባለ ውርጭ ነው የምትኖረው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍን እንደ ልብ አይሸከምም። ስለዚህ አየር ላይ መቆሙን ትታ፣ እንደኛዎቹ አበባው ላይ ታርፋለች። ጎጆዋንም ገደል ጥግ ወይም ዋሻ ውስጥ ትሠራለች።

ጉዱ ሌሊት ነው። ቀን 40 ዲግሪ አካባቢ የነበረው የሰውነቷ ሙቀት ወደ 7 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ልቧ ቀስ እያለ ይመታል። በእጅሽ ብትነኪያት የሞተች ነው የምትመስልሽ። ሊነጋ ሲል ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ራሷን ታሞቅና ቁርስ ፍለጋ ትወጣለች። ያንቺዋም ስንቅ ሲያጥራት እንዲህ ታደርጋለች። ለሂልስታር ግን በብርዱ ወራት የሌሊት ልማዷ ነው። እንግዲህ ፍረጂ!

እናትሽ «መንገደኛዋ ትበልጣለች» ብላ ድርቅ ብላለች። ልጇ አሜሪካ ስላለች አድልታ ነው።

ደግሞ በዕቃ የምትሰቅይላትን የስኳር ውሃ በልክ በጥብጪላት። ለ4 ስኒ ውሃ 1 ስኒ ነጭ ስኳር ይበቃል፤ ቀይ ቀለም አያስፈልግም። ማር፣ የጎጃም ቢሆን እንኳ፣ ቶሎ ስለሚቦካ አይሆናትም። ሙቀት ሲሆን በየሁለት ቀኑ ቀይሪው፣ ዕቃውንም እጠቢ። መስከረም ላይ ከእናንተ ሰፈር ሲጠፉ ቶሎ አታውርጂው፤ ከሰሜን የሚመጡት ገና በዚያ ያልፋሉ።

አባትሽ
ባሕር ዳር