ሰጎኗ ዓይኗን አታነሣም

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ይህን ደብዳቤ ከዘጠኝ ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። የእማማን መርዶ የሰማሁ ዕለት «ነገ እደውልለታለሁ» አልኩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባቸው ወጣ፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ስልኩን ማንሣት ከበደኝ። በእጃቸው እያጎረሱ ያሳደጉኝን እናት ለቅሶ አለመድረሴን በየትኛው አፌ ልናገር እያልኩ ሸሸሁህ።

ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ «ራስን አሸዋ ውስጥ መቅበር» የሚለውን ፈሊጥ ፍቺ ጠየቀችኝ። እንግሊዞች ይህን የሚሉት ችግሩ ፊቱ ተገትሮ ሳለ እንዳላየ ለሚሆን ሰው ነው፤ ምሳሌያቸው ሰጎን ናት። ስመልስላት ሳግ ተናነቀኝ።

ያን ዕለት ስለ ሰጎን ሳነብ አመሸሁ። ሐሜቱ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ሰጎን አንገቷን ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሸጉጥ መላ አካሏ የተሰወረ ይመስላታል ብሎ ጽፏል። ቁጥቋጦው በኋላ አሸዋ ሆነ። እውነቱ ግን ወዲህ ነው፦ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ በተጫረ ጎድጓዳ ቦታ ስለሆነ፣ በመንቆሯ ልታገላብጠው ስታጎነብስ ከሩቅ ለሚያያት ራሷን የቀበረች ትመስላለች። አደጋ ሲመጣ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ ትተኛለች፤ አለዚያም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። እንቁላሉን ቀን እናቲቱ፣ ሌሊት አባትየው እየተፈራረቁ ለ42 ቀን ያህል ይታቀፉታል። ፈሪ የተባለችው ወፍ ለካ የምታጎነብሰው ለልጆቿ ነው!

ይኸኔ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። ጉልላቱ ላይ የተሰኩት ነጫጭ ነገሮች ምን እንደሆኑ እማማን የጠየቅናቸውን ቀን ታስታውሳለህ? «የሰጎን እንቁላል ነው» አሉን፤ «ሰጎን እንቁላሏን ትኩር ብላ ታያለች፤ ዓይኗን ካነሣች ይበላሻል። እግዚአብሔርም እኛን እንዲሁ ይጠብቀናል።» እንቁላል በዓይን እንደማይፈለፈል ዛሬ ባውቅም፣ የእርሳቸውን ሰጎን ከእንግሊዞቹ አብልጬ እወዳታለሁ።

አንተን ግን በመከራህ ቀን ዓይኔን አነሣሁብህ። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ሙት ዓመታቸው ግንቦት ላይ ነው አይደል? ከዋዜማው ጀምሮ እመጣለሁ፤ ድንኳኑን አብረን እንተክላለን። ከዚያ በፊት ግን መቃብራቸው ድረስ ውሰደኝ፤ አላለቀስኩላቸውም።