ሦስቱ ቄቦች፤ የግብርና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ዘንድሮ ችግኝ ተክሏል፤ ጎመንም አልምቶ ሸጧል። እኔ ግን በሰፊው ማውራት የምፈልገው ስለ በጎቹ ነው።

አምና አንዲት በግ ከገበያ ገዝተን በዚያው ቀን ከመንጋው ቀላቀልናት። ነባሮቹ ከገንዳው እየገፈተሩ አባረሯት። ጥግ ይዛ ስትጮህ ሰነበተች። ከሳች፤ ሳል ያዛት፤ ሳሉም ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። ቸኩዬ ነበርና እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ጥርሳቸው ያለቀ ሦስት እናት በጎች ሸጥን። በምትካቸው ሦስት የመንዝ ቄቦች፣ ማለትም ገና ያልወለዱ ወጣት እንስት በጎች፣ ከአንድ ገበሬ ደጅ፣ ከአንድ መንጋ ገዛን። ሆን ብለን ነው። በግ ብቻዋን ስትቀር ትሸበራለች፤ የምታውቃት አጠገቧ ካለች ግን ትረጋጋለች። በጎች ፊት ለይተው ያውቃሉ። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የ50 በጎችን ፊት ከ2 ዓመት በላይ እንደሚያስታውሱ አሳይቷል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ማመን አቃታቸው።

ቄቦቹ በጥቅምት መጨረሻ፣ በማለዳው ብርድ መጡ። ሁለት ሳምንት ከመንጋው ርቀው ቆዩ። የእንስሳት ሐኪም አይቶ የጥገኛ ትል መድኃኒት ሰጣቸው። የለመዱትን ድርቆሽ ከባለቤቱ ለምነን ይዘን ስለመጣን መኖ አልተለወጠባቸውም። ፉርሽካውን በእፍኝ ጀምረን ቀስ በቀስ ጨመርን፤ በግ ድንገት ፉርሽካ ስትጠግብ ሆዷ ይታወካል።

በሦስተኛው ሳምንት ከነባሮቹ ጎን፣ በእንጨት አጥር ለይተን አስገባናቸው። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት እዚህ ነበር። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በየእረፍቱ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ማስታወሻ ትይዛለች። የመጀመሪያ ቀን ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ «ትልቋ ጥቁር በግ አፍንጫዋን በእንጨቱ መሃል አስገባች። ቄቧ አሸተተቻትና ሸሸች። ቆይታ ተመለሰች።» በአራተኛው ቀን፦ «አጥሩን መሃል አድርገው ተኝተው ያመሰኳሉ።»

የቀላቀልናቸው ሁሉም በልተው ከጠገቡ በኋላ፣ ጉረኖ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው። የተገፋች መሸሻ እንድታገኝ ብለን ነው። ገንዳም ጨመርን፤ አራርቀን አስቀመጥነው። ትንሽ ተጋፉ። ከሰዓት በኋላ ግን አብረው ይግጡ ነበር። አውራውን በጥድፊያ አልጨመርንም፤ ቄቦቹ ቤተኛ እስኪሆኑ እስከ ታኅሣሥ ጠበቅን።

ሁለቱ በግንቦት ወልደዋል። ሦስተኛዋ ገና ናት፤ ጡቷ ግን አግቷል። በተራ የሚጠብቋት ልጆች ስም ዝርዝር ጉረኖው በር ላይ ተለጥፏል።